በሮማና በቶኪዮ መካከል የቦስተን ኮረብታ

ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ በክፍል ውስጥ ሲነሣ ሁለት ከተሞች ይጠራሉ። አንደኛዋ ሮማ ናት፤ ሁለተኛዋም ቶኪዮ። ተማሪው በባዶ እግር የተሮጠውን የሮማን ሩጫና፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የተገኘውን የቶኪዮን ድል በቃሉ ያውቃል። በእነዚህ በሁለቱ ድሎች መካከል ግን ብዙም የማትነሣ ሦስተኛ ከተማ አለች፤ እርሷም ቦስተን ናት። አበበ ሚያዝያ 11 ቀን 1955 ዓ.ም. በዚያች ከተማ ሮጦ አምስተኛ ወጣ። እስከ መጨረሻው ከሮጣቸው ዓለም አቀፍ የማራቶን ውድድሮች መካከል ሳያሸንፍ የቀረው በዚህ በአንዱ ብቻ ነው።

“አበበ ተሸንፎ ያውቃል ወይ?” ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አይጠፋም። ብዙዎቻችን “በጭራሽ!” ብለን እንመልሳለን፤ ወይም በሜክሲኮ ማቋረጡን ጠቅሰን የእግር ሕመሙን ምክንያት እናደርጋለን። ይህ መልስ ጀግናውን ለማክበር ታስቦ የሚሰጥ ቢሆንም ትክክል አይደለም። ከዚህም በላይ ተማሪው የቶኪዮን ድል ሙሉ ክብደት እንዳይረዳ ያደርገዋል፤ ምክንያቱም ከቶኪዮ በፊት ምን እንደ ነበረ ያልተነገረው ሰው ድሉ ከሮማ በኋላ እንዲያው በራሱ የመጣ ይመስለዋል። የቦስተኑን ሩጫ ለመረዳት ደግሞ አስቀድሞ መንገዱን ማወቅ ያስፈልጋል፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ዋናው ባለጋራ መንገዱ ነውና። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።)

የቦስተን ማራቶን በየዓመቱ ከሚካሄዱት የማራቶን ውድድሮች ሁሉ በዕድሜ ታላቁ ነው። በ1896 የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ በአቴና ሲደረግ ከአሜሪካ ከሄዱት ተወዳዳሪዎች መካከል የቦስተን አትሌቲክስ ማኅበር አባሎች ነበሩበት። እነርሱም ከማራቶን መንደር ተነሥቶ አቴና የሚገባውን ሩጫ ተመልክተው ሲመለሱ፣ ይህን የመሰለ ሩጫ በከተማቸው እንዲደረግ ማኅበሩ ወሰነ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ኤፕሪል 19 ቀን 1897፣ 15 ሯጮች አሽላንድ ከምትባል መንደር ተነሥተው ወደ ቦስተን ሮጡ። ጆን ማክደርሞት የተባለ የኒውዮርክ ሰው በ2 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ አሸነፈ። በዚያን ጊዜ ርቀቱ ገና 39 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በ1924 መነሻው ወደ ኋላ፣ ወደ ሆፕኪንተን ተዛወረ፤ በ1927ም ርቀቱ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቀው 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሆነ።

ቀኑም ያለ ምክንያት የተመረጠ አይደለም። ኤፕሪል 19 የማሳቹሴትስ ሕዝብ፣ በ1775 በሌክሲንግተንና በኮንኮርድ ከእንግሊዝ ወታደሮች ጋር የተደረገውን ውጊያ፣ ማለትም የአሜሪካ የነጻነት ጦርነት መጀመሪያ የሆነውን፣ እስከ 1968 ድረስ የሚያስብበት በዓል ነበር። ስለዚህ በየመንገዱ ዳር የሚቆመው ሕዝብ ሥራ የፈታ፣ በዓል ላይ ያለ ሕዝብ ነው። ለብዙ ዘመን አሸናፊው የሚቀዳጀው የቅጠል አክሊል ብቻ ነበር፤ ሮጦ ለሚገባም አንድ ሳሕን የሥጋ ወጥ ይሰጠው ነበር። የገንዘብ ሽልማት የመጣው በ1986 ነው።

አሁን ወደ መንገዱ እንመለስ። መነሻው ሆፕኪንተን ከባሕር ጠለል በላይ 150 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። መድረሻው ቦስተን ግን በባሕር ዳር ያለች ከተማ ስለሆነች ከባሕሩ የምትበልጠው በጥቂት ሜትሮች ብቻ ነው። እንግዲህ በወረቀት ላይ ሲታይ መንገዱ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነው። እንዲያውም ቁልቁለቱ ለሩጫው ርዝመት ከሚፈቀደው በላይ ስለሆነና መነሻውና መድረሻው ስለሚራራቁ፣ በዚህ መንገድ ላይ የሚመዘገብ ሰዓት የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ አይቈጠርም። ኬንያዊው ጄፍሪ ሙታይ በ2011 በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ2 ሴኮንድ ሲገባ በዚያን ጊዜ ከእርሱ የፈጠነ የማራቶን ሯጭ አልነበረም፤ ነገር ግን በዚሁ ምክንያት የዓለም ክብረ ወሰን አልተባለለትም።

ታዲያ ቁልቁለት የሆነ መንገድ እንዴት ሯጮችን ይሰብራል? ነገሩ እንዲህ ነው። ከሆፕኪንተን የሚነሣው ሯጭ በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች በጣም ይወርዳል። በአሽላንድ፣ በፍራሚንግሃምና በኔቲክ በኩል አልፎ፣ በግማሹ መንገድ ላይ ዌልዝሊ ይደርሳል፤ በዚያ የሴቶች ኮሌጅ ተማሪዎች ከሩቅ በሚሰማ ጩኸት ይቀበሉታል። ከዚያም እንደገና ወርዶ በ26ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ የቻርልስ ወንዝን ተሻግሮ ወደ ኒውተን ይገባል። አቀበቶቹ የሚጀምሩት እዚህ ነው። ቍጥራቸው አራት ሲሆን፣ ከ26ኛው እስከ 34ኛው ኪሎ ሜትር ድረስ ተከታትለው ይመጣሉ። በሁለተኛው መጀመሪያ ላይ፣ በ28ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ መንገዱ በአንድ የእሳት አደጋ ጣቢያ አጠገብ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። የመጨረሻው ኮረብታ “ልብ ሰባሪ” ይባላል። ርዝመቱ 600 ሜትር ያህል፣ ከፍታው 27 ሜትር ብቻ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ደብተራቸውን ይዘው በየማለዳው ከዚህ የሚበልጥ አቀበት የሚወጡ ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ ቍጥሩን ሰምተው ቢስቁ አይፈረድባቸውም።

ነገር ግን ከእንጦጦ በሩጫ ወደ ከተማ የወረደ ሰው በማግስቱ ምን እንደሚሰማው ያውቃል። ሲወጣ የደከመው ሳንባው ነበር፤ በማግስቱ ደረጃ መውረድ የሚያስቸግረው ግን ከፊት ያለው የጭን ጡንቻ ነው። ሰው ቁልቁለት ሲወርድ የፊት ጭን ጡንቻ እየተሳበ ሰውነትን ይገታል። ልክ እንደ መኪና ፍሬን ነው። ጡንቻ እየተሳበ ኀይል ሲያወጣ ጥቃቅን ክሮቹ ይጐዳሉ፤ ጕዳቱም ወዲያው አይታወቅም። ትንፋሽ ቀላል ስለሚሆን ሯጩ ገና ብዙ ኀይል ያለው ይመስለዋል። በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ በዚህ ዓይነት የተጐዳ ጭን ኒውተን ሲደርስ አቀበት ይጠየቃል፤ በዚያው ሰዓት በጡንቻና በጕበት ውስጥ የተከማቸው የስኳር ስንቅ እያለቀ ነው። ከልብ ሰባሪው ማዶ ደግሞ እንደገና ቁልቁለት አለ። ብዙ ሯጮች ኮረብታውን በደኅና ወጥተው የሚወድቁት በዚህ ላይ ነው። የሥነ ሕይወትና የፊዚክስ መምህራን ይህን ነገር ከታሪክ መምህሩ ጋር ተባብረው ቢያስተምሩት ተማሪዎቹ የሚረሱት አይመስለኝም።

ለኮረብታው ስም ያወጣለት አንድ ጋዜጠኛ ነው። በ1936 በተደረገው ውድድር የናራጋንሴት ነገድ ተወላጅ የሆነው ኤሊሰን ብራውን፣ በቅጽል ስሙ “ታርዛን”፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁሉን ጥሎ ሄደ። የባለፈው ዓመት አሸናፊ ጆን ኬሊ ከኋላ እየገሰገሠ መጥቶ በኒውተን ኮረብቶች ላይ ደረሰበት። ሲያልፈውም ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ኬሊ በደግነት ያደረገው ይሁን በኩራት ሰው እንደ ፍላጎቱ ይተረጕመዋል፤ ብራውን ግን እንደ ነደደ ሰው ተነሥቶ እንደገና አመለጠው። ብራውን በ2 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ አሸነፈ፤ ኬሊ ኀይሉ አልቆ አምስተኛ ሆነ። “ቦስተን ግሎብ” በሚባለው ጋዜጣ ላይ የሚጽፈው ጄሪ ኔሰን የኬሊ ልብ የተሰበረበት ቦታ ብሎ ጻፈ፤ ስሙም እንደዚያው ቀረ። ልቡ ተሰበረ የተባለው ኬሊ ግን በ1945 እንደገና አሸነፈ፤ ሰባት ጊዜም ሁለተኛ ወጣ። በጠቅላላው 61 ጊዜ ከዚያ መስመር ተነሥቶ 58ቱን ጨርሷል። የመጨረሻውን በ1992 ሲሮጥ ዕድሜው 84 ነበር። በኒውተን በመንገዱ ዳር የቆመለት ሐውልት ወጣቱንና ሽማግሌውን ኬሊ እጅ ለእጅ አያይዞ ያሳያል።

እንግዲህ በ1963 አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ የመጡት ወደዚህ መንገድ ነው። አበበ ማን እንደ ነበረ ማስታወስ ይበቃል። ጳጕሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በሮማ በችቦ ብርሃን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸንፏል። ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም የተለየው፣ ያን ጊዜ በሮማ ቆሞ በነበረውና በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ በተመለሰው በአክሱም ሐውልት አካባቢ ነበር። በ1961 ደግሞ በአቴና፣ በኦሳካና በኮሺትሴ ሦስት ማራቶኖችን በተከታታይ አሸንፏል። ማሞ ያን ጊዜ በማራቶን ስሙ ገና ያልታወቀ ሯጭ ነበር፤ በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ የሮጠውም አጫጭር የሆኑትን 800ና 1,500 ሜትር ነበር። ሁለቱም የክብር ዘበኛ ወታደሮች ነበሩ።

ውድድሩ በዚያን ዘመን የሚነሣው እኩለ ቀን ላይ ነበር። ሁለቱ ኢትዮጵያውያን ሌላውን ሁሉ ኋላ አስቀርተው፣ በዚያ መንገድ ታይቶ በማይታወቅ ፍጥነት 29 ኪሎ ሜትር ያህል አብረው ሮጡ። እስከዚያ ድረስ ያያቸው ሰው ጥያቄው ከሁለቱ የትኛው ይቀድማል የሚል ብቻ ይመስለው ነበር። 29ኛው ኪሎ ሜትር ግን የት እንደሚያርፍ አንባቢ ያስታውስ፤ ከእሳት አደጋ ጣቢያው መታጠፊያ ጥቂት አለፍ ብሎ፣ በአቀበቶቹ መካከል ነው። በዚያ ላይ ቀዝቃዛ ነፋስ ነበረ። ሁለቱም ወደ ኋላ መቅረት ጀመሩ። ከኋላ ሲከተል የነበረው ቤልጅጋዊው ኦሬል ቫንደንድሪሽ አልፏቸው በ2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ከ58 ሴኮንድ፣ በመንገዱ አዲስ ክብረ ወሰን፣ አንደኛ ሆነ። ሁለተኛው ጆን ኬሊ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ ከላይ ካነሣነው ሰው ጋር ስማቸው አንድ ነው እንጂ ዝምድና የላቸውም። ሦስተኛው እንግሊዛዊው ብራያን ኪልቢ፣ አራተኛው ፊንላንዳዊው ኤይኖ ኦክሳነን ነበሩ። አበበ በ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ43 ሴኮንድ አምስተኛ ሆኖ ገባ። ማሞ በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ9 ሴኮንድ አሥራ ሁለተኛ ሆነ።

እነዚህን ቍጥሮች በሒሳብ ብናያቸው የደረሰባቸውን ከማንኛውም ትረካ ይበልጥ ይነግሩናል። በ29ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሁለቱም መሪዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ የቀራቸው 13 ኪሎ ሜትር ነው። አበበ በዚህች 13 ኪሎ ሜትር ውስጥ በአሸናፊው 5 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ ተበለጠ፤ ይህም በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ቢያንስ 26 ሴኮንድ ማለት ነው። ማሞ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከ70 ሴኮንድ በላይ አጥቷል። እንዲህ የሚዘገይ ሯጭ ጭኑ እንቢ ያለው፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ማቆምን የሚያስብ ሯጭ ነው። ሁለቱም ግን አላቆሙም። የኦሊምፒክ ባለድል ሆኖ፣ በማያውቀው አገር፣ አራት ሰዎች አልፈውት ከሄዱ በኋላ እስከ መጨረሻው መሮጥ ቀላል ነገር አይደለም። እንደ እኔ እምነት ከሮማው ድል ይልቅ የሰውዬው ጠባይ የሚታየው በዚህ ነው።

ምክንያቱ ምን ነበር ቢባል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሱት ብርዱና ኮረብታው ናቸው። ይህ ለክፍል ጥሩ የታሪክ ጥያቄ ይሆናል፤ አንድ ምክንያት ብቻውን ይበቃል ወይ ብሎ መመርመር ስለሚቻል። ብርዱ ብቻ ነው እንዳንል አሸናፊውም የሮጠው በዚያው ብርድ ውስጥ ነው። ኮረብታው ብቻ ነው እንዳንል 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት ከተማ፣ አቀበትና ቁልቁለት በበዛበት አገር የሠለጠኑ ሰዎች 27 ሜትር ይከብዳቸዋል ማለት ያስቸግራል። እኔ ወደ ሦስተኛው ምክንያት አዘነብላለሁ፤ እርሱም በመጀመሪያ የሮጡበት ፍጥነት ነው። መንገዱ በሚወርድበት ሁሉ በክብረ ወሰን ፍጥነት መውረድ ጭንን አስቀድሞ ይጨርሳል። መሪ ሆኖ የሚሮጥ ሰው ነፋሱንም በራሱ ደረት ይቀበላል፤ ከኋላ የሚከተለው ግን ይከለላል። ኮረብታው ዕዳውን አስከፈለ እንጂ ዕዳው የተገባው በአሽላንድና በፍራሚንግሃም ነው። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ የተለየ ሐሳብ ያለው መምህር ቢኖር ክርክሩ ለተማሪዎቹ ይጠቅማል።

ከቦስተን በኋላ አበበ እንደገና ማራቶን የሮጠው በአገሩ፣ ሐምሌ 27 ቀን 1956 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የኦሊምፒክ መምረጫ ነው። አሸነፈ፤ ማሞ ግን አንድ ሴኮንድ እንኳ ሳይሞላ ተከትሎት ገባ። አበበ 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ14.8 ሴኮንድ፣ ማሞ 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ15.2 ሴኮንድ። በቦስተን አብረው የወደቁት ሁለቱ ሰዎች በአዲስ አበባ አቀበቶች ላይ አብረው ተነሡ ማለት ነው። ከዚያ ሕመሙና ቀዶ ሕክምናው መጣ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ አበበ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ሲገባ ከሁለተኛው ጋር የነበረው ልዩነት ከአራት ደቂቃ በላይ ነበር። በቦስተን ከፊቱ ከገቡት መካከል ብራያን ኪልቢ በቶኪዮ አራተኛ፣ ኦሬል ቫንደንድሪሽ ሰባተኛ ሆኑ። ቦስተንን ያላነሣ መምህር ይህን ሊናገር አይችልም፤ ተማሪውም አበበ በቶኪዮ ያለፋቸው ሰዎች ከአሥራ ስምንት ወር በፊት ያለፉት ሰዎች መሆናቸውን ሳያውቅ ይቀራል። ማሞስ? በ1963 በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ እንኳ መግባት ያቃተው ሰው በ1968 በሜክሲኮ፣ አበበ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ሲያቋርጥ፣ የአገሩን ሦስተኛ የማራቶን ወርቅ አመጣ።

ቫንደንድሪሽ በ1964 ቦስተንን ደገመ። አበበ ግን ወደዚያ መንገድ አልተመለሰም። የኦሊምፒክ ማራቶን ባለወርቅ የሆነ ወንድ ቦስተንን ሊያሸንፍ የቻለው በ1990 ነው፤ እርሱም ኢጣሊያዊው ጄሊንዶ ቦርዲን ነበር። የዚያን ዕለት ሩጫ የ1963ቱን የሚያስታውስ ነበር። ታንዛኒያዊው ጁማ ኢካንጋ ግማሹን መንገድ በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ገደማ፣ እንደ እሳት ሆኖ አለፈ፤ ቦርዲን ከኋላ ቆይቶ አለፈው። ኢካንጋ በ1988፣ በ1989ና በ1990 ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሁለተኛ ሆነ። በ1988 ለኬንያዊው ለኢብራሂም ሁሴን የተሸነፈው በአንድ ሴኮንድ ነው። ከምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች ይህ መንገድ የእርሱን ያህል የበደለው ያለ አይመስለኝም።

ሌሎቹም ከዚያ መንገድ የየራሳቸውን ታሪክ ይዘው ተመልሰዋል። በ1975 አሜሪካዊው ቢል ሮጀርስ በልብ ሰባሪው ኮረብታ ላይ የጫማውን ክር ለማሰር ቆመ። ውሃ ለመጠጣትም ደጋግሞ ቆሟል። ሆኖም በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ55 ሴኮንድ አሸነፈ። በ1982 በሙቀት ቀን አልቤርቶ ሳላዛርና ዲክ ቢርድስሊ ኮረብቶቹን እየተከታተሉ ወጥተው እስከ መጨረሻው ሳይላቀቁ ሮጡ። ሳላዛር በሁለት ሴኮንድ ቀደመ፤ ነገር ግን ውሃ በሚገባ ስላልጠጣ ወዲያው ሐኪም ቤት ገብቶ በደም ሥሩ ፈሳሽ ተሰጠው። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱም እንደ ቀድሞው ሆነው አልሮጡም።

ሴቶች በዚህ መንገድ ላይ በይፋ እንዲሮጡ የተፈቀደው በ1972 ብቻ ነው። በ1966 ሮቤርታ ጊብ በመነሻው አጠገብ ባለ ቍጥቋጦ ውስጥ ተሸሽጋ ከሯጮቹ መካከል ገባች፤ በ1967 ካትሪን ስዊትዘር ቍጥር ለብሳ ስትሮጥ ከውድድሩ ሹማምንት አንዱ ቍጥሯን ሊነጥቃት ሞከረ። እነዚህን ካስታወስን የፋጡማ ሮባ ድል ምን ያህል እንደሆነ ይገባናል። ፋጡማ በ1996 በአትላንታ፣ እርሷም ወጣ ገባ በሆነችው ከተማ፣ የኦሊምፒክ ወርቅ አግኝታ በ1997 ወደ ቦስተን መጣች። በ1997፣ በ1998ና በ1999 ተከታትላ አሸነፈች። አበበና ማሞን የጣለው ኮረብታ ለሦስት ዓመት ያህል የእርሷ ነበረ። በ2000 አራተኛውን ስትሞክር ኬንያዊቷ ካትሪን ንደሬባ ቀደመቻት፤ ፋጡማ ሦስተኛ ሆነች።

ከእርሷ በፊት ኢትዮጵያን በቦስተን ለመጀመሪያ ጊዜ ለድል ያበቃት አበበ መኮንን ነው። በ1989 በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ6 ሴኮንድ ኢካንጋን ቀድሞ ገባ። በአበበ ቢቂላ አምስተኛነትና በአበበ መኮንን አንደኛነት መካከል 26 ዓመት አለ። ከዚያ ወዲህ ድሉ በዝቷል። ሆኖም መንገዱ ለማንም እንደ ዕዳ ከፋይ አልተገዛም። ድሬ ቱኔ በ2008 ሩሲያዊቷን አሌቭቲና ቢክቲሚሮቫን በሁለት ሴኮንድ ቀድማ አሸነፈች፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በኬንያዊቷ በሳሊና ኮስጌይ በአንድ ሴኮንድ ተቀድማ መስመሩ ላይ ወደቀች። በዚያው ቀን በወንዶች ድሪባ መርጋ አሸነፈ።

በ2013 ሌሊሳ ዴሲሳ አሸንፎ ከገባ ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ በመድረሻው አጠገብ ሁለት ቦምቦች ፈንድተው ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም እግራቸውን አጡ። ሌሊሳ በሰኔ ወር ወደ ከተማዋ ተመልሶ ያገኘውን ሜዳልያ ለቦስተን ሕዝብ ሰጠ። በ2015 እንደገና መጥቶ አሸነፈ፤ የራሱ ሜዳልያ የኖረው ያን ጊዜ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን የ1963ቱን ቀን ያስታወሰኝ በ2024 የተደረገው ሩጫ ነው። ሲሳይ ለማ ልክ እንደ አበበና እንደ ማሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁሉን ጥሎ ብቻውን ሄደ። ግማሹን መንገድ በ1 ሰዓት ከ0 ደቂቃ ከ19 ሴኮንድ አለፈ፤ ይህም ጄፍሪ ሙታይ ክብረ ወሰኑን ሲያስመዘግብ በዚያው ቦታ ከነበረበት ሰዓት በ99 ሴኮንድ የፈጠነ ነው። ከዚያ ኒውተን መጣ። ፍጥነቱ ቀነሰ፤ ከኋላው ያለው ርቀት መጥበብ ጀመረ። ሁለተኛውን ግማሽ የሮጠው በ1 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ58 ሴኮንድ ነው፤ ከመጀመሪያው ከአምስት ደቂቃ ተኩል በላይ ዘግይቶ ማለት ነው። ኮረብታው እንደ ልማዱ ዕዳውን ጠይቆታል። ዳሩ ግን ሲሳይ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ መስመሩን ሲያልፍ፣ ሁለተኛ የወጣው የአገሩ ልጅ መሐመድ ኢሳ ገና 41 ሴኮንድ ይቀረው ነበር።